ሠልጣኝ ሞልቶ ሙያተኛ ለምን ጠፋ?

አንድ ዕቃ ከገበያ ሲጠፋ ዋጋው ይወደዳል። ዋጋው ሲወደድ አምራቹ ብዙ ለማቅረብ ይበረታታል። አቅርቦቱ ሲጨምር ደግሞ ዋጋው ይረጋጋል። የምጣኔ ሀብት ትምህርት ገና በመጀመሪያው ምዕራፍ የሚያስተምረው ይህንኑ ነው፤ ለጤፍም፣ ለበርበሬም፣ ለሲሚንቶም በአብዛኛው ይሠራል። የእጅ ሙያ ገበያ ላይ ሲደርስ ግን ሕጉ የሚያነክስ ይመስላል። ጥሩ ግንበኛ፣ ጥሩ የቧንቧ ሠራተኛ፣ ጥሩ በያጅ ጠፋ የሚለው እሮሮ ከዓመት ዓመት ይሰማል። የባለሙያው የእጅ ዋጋም ከዓመት ዓመት ይጨምራል። መንግሥትም በበኩሉ ከሃያ ዓመት በላይ ማሠልጠኛ ሲከፍትና ሠልጣኝ ሲያስመርቅ ቆይቷል። ዋጋው ወጣ፣ ሠልጣኙም በዛ፤ ሙያተኛው ግን አሁንም በፍለጋ ነው የሚገኘው።

ለመሆኑ መካከል ላይ የጠፋው ምንድን ነው?

ተቃርኖውን በዓይን ማየት የሚፈልግ ሰው ማለዳ ወደ አየር ጤና ብቅ ቢል ይበቃዋል። በኮልፌ ቀራንዮ ክፍለ ከተማ የምትገኘው አየር ጤና ከጦር ኃይሎች በኩል የሚመጣው ሰው ወደ ቤቴል፣ ወደ ዓለም ባንክ፣ ወደ ካራቆሬና ወደ ጀሞ የሚበተንባት፣ የጅማ መንገድ ከከተማ የሚወጣባት ቦታ ናት። በዙሪያዋ ያሉት ሠፈሮች አሸዋና ብሎኬት ከደጃቸው የማይጠፋ ናቸው። እንደ ሌሎቹ የአዲስ አበባ መዳረሻዎች ሁሉ በማለዳ ሥራ ፈላጊ በመንገድ ዳር ይቆማል። ቆመው ከሚጠብቁት መካከል አንዳንዶቹ በማዳበሪያ ከረጢት የጠቀለሉት ቱንቢ፣ ውኃ ልክና የግንበኛ ማንኪያ ይዘዋል። የቀሩት ባዶ እጃቸውን ናቸው። መሣሪያ የያዘው ዋጋውን ራሱ ይጠራል፤ በካሬ ነው የምሠራው ወይም በቁርጥ ነው ይላል፤ ፀሐይ ሳይጠና ሄዷል። ባዶ እጁን የቆመው የተሰጠውን የቀን ሒሳብ ይቀበላል፤ አለዚያም እስከ ረፋድ ቆሞ ወደ ቤቱ ይመለሳል።

አሳሳቢው ነገር ባዶ እጃቸውን ከሚቆሙት ውስጥ የማሠልጠኛ ምስክር ወረቀት ያላቸውም መገኘታቸው ነው። በግንባታ ወይም በብረታ ብረት ሥራ ሠልጥነው፣ ተመዝነው፣ ደረጃ ተሰጥቷቸው አሸዋ ይሸከማሉ። በዚያው ሰዓት ቤት የሚያሠራው ሰው ሴራሚክ የሚያነጥፍለት አጥቶ ስልክ ይደውላል። ሁለቱ በአንድ አደባባይ ተላልፈው ያልፋሉ።

ይህ የሆነው መንግሥት እጁን አጣጥፎ ስለተቀመጠ አይደለም። የአዲስ አበባ ተግባረ እድ የተከፈተው በ1934 ዓ.ም. ነው። በ1917 ዓ.ም. የተመሠረተው ተፈሪ መኮንን ትምህርት ቤት ዛሬ እንጦጦ ፖሊ ቴክኒክ ሆኗል፤ በ1938 ዓ.ም. የተከፈተው ጄኔራል ዊንጌትም እንደዚሁ የቴክኒክና ሙያ ኮሌጅ ነው። ለአየር ጤና ወጣት በታክሲ የሚደርስባቸው ናቸው። ከዚያም በፊት ቢሆን ባለ እጅን ቀጥቃጭ፣ ፋቂ እያሉ መሳደብን የሚከለክል አዋጅ ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. አስነግረው ነበር። ለሙያ ያለው ንቀት በአዋጅ የሚነሳ ባይሆንም ጉዳዩ ከቤተ መንግሥት የደረሰ መሆኑን ያሳያል።

ትልቁ ማስፋፋት የመጣው ግን የ1986ቱን የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ ተከትሎ ነው። በ1989 ዓ.ም. ከግብርና ውጪ መደበኛ የቴክኒክና ሙያ ትምህርት የሚሰጡ ተቋማት በመላ አገሪቱ 17 ብቻ ነበሩ፤ ተማሪዎቻቸውም ወደ 3 ሺህ ገደማ። በ1997 ዓ.ም. ተቋማቱ 199፣ ሠልጣኞቹ 106 ሺህ ደርሰዋል። በስምንት ዓመት ውስጥ ከሠላሳ እጥፍ በላይ መሆኑ ነው። በኢትዮጵያ የትምህርት ታሪክ እንዲህ በፍጥነት ያደገ ዘርፍ ማግኘት ያስቸግራል። በ1996 ዓ.ም. አዋጅ ቁጥር 391 ወጣ፤ በ2000 ዓ.ም. አገር አቀፍ ስትራቴጂ ተነደፈ፤ በ2008 ዓ.ም. አዋጅ ቁጥር 954 የቀደመውን ተካ። ዘርፉ ከትምህርት ሚኒስቴር ወደ ሳይንስና ከፍተኛ ትምህርት ሚኒስቴር፣ ከዚያም በ2014 ዓ.ም. አዲስ ወደተቋቋመው የሥራና ክህሎት ሚኒስቴር ተዛወረ። ቤት በለወጠ ቁጥር ዕቃው ተሰብሯል ባይባልም በየጊዜው የሚያስተዳድረው መለወጡ ለኮሌጆቹ ቀላል አልነበረም።

የ2000ው ስትራቴጂ አንድ ትልቅ ነገር አምኗል። ሠልጣኝ ስንት ዓመት ተማረ ከሚለው ይልቅ ምን መሥራት ይችላል የሚለው መለካት አለበት ብሏል። ለዚህም ሥልጠናና ምዘና ተለያዩ፤ ኮሌጁ ያሠለጥናል፣ የብቃት ምዘና ማዕከሉ ይመዝናል። ሠልጣኙ ጊዜውን ከኮሌጅ ቅጥር ይልቅ በብዛት በድርጅት ውስጥ እንዲያሳልፍ «የትብብር ሥልጠና» የተባለው አሠራር ተቀረጸ። 70 በመቶ ተግባር፣ 30 በመቶ ንድፈ ሐሳብ የሚለው ቀመር በዘርፉ እንደ ጸሎት የሚደገም ነው። ሐሳቡ ትክክል ነው። ችግሩ 70 በመቶውን ማን ቤት ይማረው የሚለው ላይ ነው።

የአንድ ብረታ ብረት ቤት ሒሳብ

ነገሩን በቁጥር ማየት ይሻላል። ቁጥሮቹ ለስሌት እንዲመቹ የተወሰዱ እንጂ የማንም ድርጅት አይደሉም።

በአየር ጤና ከመንገድ ዳር አንድ የብረታ ብረት ቤት አለ እንበል። በርና መስኮት ይሠራል፤ ሁለት በያጆች አሉት። ባለቤቱ ከኮሌጅ የወጣ አንድ ወጣት በቀን 200 ብር ሊቀጥር አሰበ። ወር 26 የሥራ ቀን ነው። ወጣቱ ብየዳ በመጽሐፍ ያውቃል፤ በኮሌጅም ጥቂት ቀን ይዞታል። ነገር ግን ቀጭን ላሜራ ሳይበሳ መበየድ፣ የቱቦላሬ ማዕዘን ሳይጣመም መግጠም የእጅ ልምድ ይጠይቃል። በመጀመሪያዎቹ ሦስት ወራት በቀን 250 ብር የሚያወጣ ሥራ ይሠራል፤ የ100 ብር ኤሌክትሮድና ብረት ያበላሻል፤ ዋናው በያጅ ሥራውን አቁሞ እሱን በማረም የሚያጠፋው ጊዜ ደግሞ 150 ብር ያወጣል። የተጣራው ባዶ ነው። ባለቤቱ ግን 200 ብሩን ይከፍላል። በሦስት ወር 15,600 ብር ከኪሱ ወጣ።

በቀጣዮቹ ሦስት ወራት ወጣቱ ይሻሻላል፤ የተጣራ ጥቅሙ በቀን 120 ብር ይሆናል። ባለቤቱ በቀን 80 ብር ይጎድለዋል፤ በሦስት ወር 6,240 ብር። በድምሩ በስድስት ወር 21,840 ብር አወጣ ማለት ነው።

ከዚህ በኋላ ወጣቱ ሙያተኛ ነው። በቀን የ400 ብር ሥራ ይሠራል። ባለቤቱ ደመወዙን ወደ 250 ብር ያሳድግለታል፤ በቀን 150 ብር ይተርፈዋል። በዚህ ሒሳብ ያወጣውን ለመመለስ ከአምስት ወር ተኩል ትንሽ የሚበልጥ ጊዜ ይፈልጋል። መጥፎ ንግድ አይደለም።

ነገር ግን ከመንገዱ ማዶ ሌላ የብረታ ብረት ቤት አለ። እሱ በማስተማር ያወጣው ሳንቲም የለም። ወጣቱን ጠርቶ 350 ብር እከፍልሃለሁ ቢለው በቀን 50 ብር ይተርፈዋል፤ ከመጀመሪያውም ቀን ያተርፋል። የመጀመሪያው ባለቤት ወጣቱን ለማቆየት 350 ብር ቢከፍል ደግሞ ያወጣውን የሚመልሰው ከአሥራ ስድስት ወር በላይ ቆይቶ ነው፤ ያውም ሌላ ሦስተኛ ቤት 370 ካላለ። ወጣቱ ቢሄድ አይፈረድበትም፤ ቤት ኪራይ አለበት፤ ምናልባትም ወንድሞቹን ያስተምራል። ማዶ ያለውም ነጋዴ ሕግ አልጣሰም። ከሁሉም የከሰረው ያስተማረው ሰው ነው። በሚቀጥለው ዓመት ኮሌጁ ሠልጣኝ ልላክልህ ሲለው «ሙያ ያለው ካለ አምጡልኝ፣ ቦታ የለኝም» ይላል። ማዶ ያለውም እንደዚያው ይላል። ሁሉም የሠለጠነ ሰው ይፈልጋል፤ የሚያሠለጥን ግን የለም።

አሜሪካዊው የምጣኔ ሀብት ምሁር ጌሪ ቤከር እ.ኤ.አ. በ1964 ባሳተመው ሥራው ይህንኑ ተንትኗል፤ በ1992 የኖቤል ሽልማት ያገኘውም የዚህ ዓይነት ጥናቱ ተቆጥሮለት ነው። እንደ እሱ አገላለጥ ለአንድ ድርጅት ብቻ የሚጠቅም ዕውቀት አለ፤ በየትኛውም ድርጅት የሚጠቅም ዕውቀትም አለ። የመጀመሪያውን አሠሪው ይከፍልበታል። ሁለተኛውን ግን አሠሪው አይከፍልበትም፤ ሠራተኛው ራሱ በለማጅነቱ ዘመን ዝቅተኛ ደመወዝ በመቀበል ይከፍላል። ብየዳ፣ ግንበኝነት፣ የቧንቧ ሥራ በሙሉ ከሁለተኛው ወገን ናቸው። ቱንቢ በአየር ጤናም በባሕር ዳርም ያው ቱንቢ ነው።

እኛ አገር ይህ ያልታወቀ ነገር አይደለም። የጋራዥ ረዳት ዓመታት በትንሽ ገንዘብ፣ አንዳንዴም በምሳ ብቻ እየሠራ መካኒክ የሚሆነው በዚሁ መንገድ ነው። ዋጋውን የሚከፍለው ረዳቱ ነው። ይህ አሠራር ዛሬም ከኮሌጆቹ ሁሉ ይልቅ ብዙ ሙያተኛ ያፈራ ይሆናል ቢባል ማጋነን አይመስልም። ግን ሁለት እንከን አለበት። አንደኛ፣ ቤተሰብ የሌለው ወይም ከክፍለ ሀገር የመጣ ወጣት ያለ ደመወዝ ዓመት ሊቆይ አይችልም፤ የታክሲ እንኳ አይኖረውም። ሁለተኛ፣ መምህሩ ተማሪው ነገ ተፎካካሪው እንደሚሆን ስለሚያውቅ ዋናውን ቁም ነገር ይደብቃል። «ሙያ በልብ ነው» የሚለው አባባል ለዝምተኛ ሠራተኛ ምስጋና ተብሎ የተነገረ ቢሆንም በገበያ ላይ ሌላ ትርጉም አለው።

እንግዲህ የጠፋው ነገር ይኸው ነው፤ ለማጁ ወጪ የሆነባቸው እነዚያ ስድስት ወራት። መንግሥት ከእነሱ በፊት ላለው ጊዜ ይከፍላል፤ ኮሌጅ ይሠራል፣ መምህር ይቀጥራል። ገበያው ከእነሱ በኋላ ላለው ጊዜ ይከፍላል፤ ያውም በውድ። መካከሉን የሚከፍል ወገን የለም። በ17 ይሁን በ199 ተቋም የሚሠለጥነው ወጣት እዚያው መካከል ላይ ይቆማል። አየር ጤና መንገድ ዳር የቆመው እሱ ነው።

ኮንዶሚኒየምና ኮብልስቶን

መካከሉን አንድ ሰው ሲከፍል ምን እንደሚሆን የታየበት ጊዜ ነበር። አዲስ አበባ በ1996 ዓ.ም. የጋራ መኖሪያ ቤቶች ግንባታን በቦሌ ገርጂ ስትጀምር ዓላማው ቤት ብቻ አልነበረም። መርሐ ግብሩ ሲሰፋ 400 ሺህ ቤቶች፣ 200 ሺህ የሥራ ዕድል፣ 10 ሺህ ጥቃቅንና አነስተኛ ተቋማት የሚሉ ግቦች ተቀመጡ። ወጣቶች ተደራጅተው ብሎኬትና የወለል ግማድ አመረቱ፤ በርና መስኮት ገጠሙ፤ ግንብ ገነቡ፤ ልስን ለሰኑ። ከአየር ጤና ብዙም የማይርቀው ጀሞ ከነዚህ ሠፈሮች አንዱ ነው።

ለሙያ ትምህርት ከዚህ የተሻለ ቦታ የለም። አንድ ዓይነት መታጠቢያ ቤት፣ አንድ ዓይነት ደረጃ፣ አንድ ዓይነት መስኮት መቶ ጊዜ ይደጋገማል። በአሥረኛው የተሳሳተ በሃያኛው ያርማል። ሥራው በቁርጥ ዋጋ ስለሚከፈል የፈጠነ ያተርፋል፤ ገዢው መንግሥት ስለሆነ ነገ ሥራ ይጠፋል የሚል ስጋት አልነበረም። ዛሬ በከተማዋ በራሳቸው ስም ሥራ የሚይዙ ብዙ ባለሙያዎች እጃቸውን ያፍታቱት በነዚያ ሳይቶች ነው።

ታዲያ የመለማመጃውን ወጪ ማን ከፈለ? በከፊል የከተማው አስተዳደር፤ በከፊል ግን ዕጣ የወጣለት ነዋሪ። ቁልፉን ተቀብሎ የገባ ሰው ውኃ የሚያፈስ ቧንቧ፣ የማይዘጋ በር፣ የተወላገደ ልስን አግኝቶ እንደገና በገንዘቡ አስተካክሏል። ብዙዎች ሴራሚኩን አስነስተው በሌላ አስነጥፈዋል። ይህ በመርሐ ግብሩ ላይ የሚነሳ የዘወትር ቅሬታ ነው፤ ቅሬታውም እውነት አለው። በምጣኔ ሀብት ዓይን ሲታይ ግን የሙያ ትምህርት ክፍያ ነበር፤ ከፋዩ ሳይጠየቅ፣ ደረሰኝም ሳይሰጠው የከፈለው።

ኮብልስቶን ደግሞ የተሻለ ምሳሌ ነው። ሥራው በጀርመን የቴክኒክ ትብብር ታግዞ ከገባ በኋላ በብዙ ከተሞች ብዙ ሺህ ወጣቶች ድንጋይ መጥረብና ማንጠፍ ተማሩ። «ዲግሪ ይዞ ኮብልስቶን» ተብሎ ተቀልዷል፤ ቀልዱም ምሬት ነበረበት። ነገር ግን ያልተሳለቀበት አንድ ነገር አለ። ሥልጠናው አጭር ነበር፤ የሚሰጠውም ሥራው ላይ ነበር፤ የተበላሸ ድንጋይ ብዙ አያስከፍልም፤ ያልተስተካከለ ንጣፍ ዳግም ይነሳል። የለማጅነት ወራቱ ርካሽ ስለነበሩ ማንም ሳይጎዳ ታለፉ። የኤሌክትሪክ ሥራ ግን እንዲህ አይደለም። በስህተት የተገጠመ መስመር ቤት ያቃጥላል።

ወረቀቱ ስንት ያወጣል?

የብቃት ምዘናው አንድ ጥሩ በር ከፍቷል። ኮሌጅ ያልገባ፣ ከአባቱ ወይም ከጌታው ሥር የተማረ ሰውም ተመዝኖ ምስክር ወረቀት ማግኘት ይችላል። በወረቀት ላይ ትልቅ እርምጃ ነው። በአየር ጤና ገበያ ግን ቤት የሚያሠራው ሰው ስለ ምስክር ወረቀቱ አይጠይቅም። የሚጠይቀው «የት ሠርተሃል? ልየው» ብሎ ነው። ከመንጃ ፈቃድ ጋር ሲነጻጸር ልዩነቱ ይታያል፤ ያለ መንጃ ፈቃድ ሹፌር የሚቀጥር የለም፤ ያለ ምዘና ወረቀት በያጅ የሚቀጥር ግን ሁሉም ነው።

ስለዚህ ወረቀቱ ዋጋ የሚያገኘው አሠሪው ትልቅ ሲሆን ነው፤ መንግሥታዊ መሥሪያ ቤት፣ ትልቅ ተቋራጭ፣ ወይም የውጭ አገር አሠሪ። ሠልጣኙም ይህን ስለሚያውቅ ሥልጠናውን የሚያየው እንደ እጅ ሙያ ሳይሆን እንደ ቢሮ መግቢያ ነው። ከዚህ የተነሳ የኮምፒዩተርና የሒሳብ አያያዝ ክፍሎች ሲሞሉ የግንበኝነትና የቧንቧ ክፍሎች አመልካች ይጎድላቸዋል። ሴት ሠልጣኝ ደግሞ በግንባታ ሳይት ልጅ ማቆያ ይቅርና መጸዳጃ እንኳ ስለማታገኝ ምርጫዋ ይበልጥ ይጠብባል።

ጥያቄው አሁን ለምን እንደጠነከረ የሚያሳዩ ቁጥሮች አሉ። ቀድሞ በ10ኛ ክፍል አገር አቀፍ ፈተና ተማሪው ወደ መሰናዶና ወደ ሙያ ይከፈል ነበር። ያ ፈተና ከ2012 ዓ.ም. ወዲህ ቀረ። የፈተና አሰጣጡ ከተጠናከረ በኋላ ደግሞ በ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ሆኑ፤ በ2015 ዓ.ም. 3.2፣ በ2016 ዓ.ም. 5.4፣ በ2017 ዓ.ም. 8.4 በመቶ። በያንዳንዱ ዓመት በመቶ ሺዎች የሚቆጠሩ ወጣቶች ከዩኒቨርሲቲ በር ይመለሳሉ ማለት ነው። ጥቂቱ በአቅም ማሻሻያ ትምህርት እንደገና ይሞክራል። ለቀሪው የሚሰጠው መልስ «ወደ ሙያ ግቡ» የሚል ነው። መካከሉ ሳይጠገን ይህ ሁሉ ሕዝብ ወደ ኮሌጅ ቢገባ የሚወጣው በዚያው በአየር ጤና መንገድ ዳር ነው።

ሌሎች እንዴት አደረጉ?

ብራዚል ተግባረ እድ በተከፈተበት በዚያው ዓመት፣ እ.ኤ.አ. በ1942፣ ሴናይ የተባለውን የኢንዱስትሪ ሥልጠና ድርጅት አቋቋመች። ገንዘቡ የሚመጣው ኢንዱስትሪዎች ከሚከፍሉት ደመወዝ አንድ በመቶ በማስላት ነው። ኬንያ ውስጥ አሠሪ ለእያንዳንዱ ሠራተኛ በወር 50 ሺልንግ ለኢንዱስትሪ ሥልጠና ይከፍላል፤ ያሠለጠነ ድርጅት ወጪውን ከዚያ ይጠይቃል። እንግሊዝ በ1964 ባወጣችው ሕግ ለግንባታ ዘርፍ የሥልጠና ቦርድ አቋቁማ እስከ ዛሬ ከተቋራጮች ትሰበስባለች። የሁሉም ምሥጢር አንድ ነው። ማዶ ያለው ነጋዴ ሳያስተምር የተማረ ሰው ቢወስድም መዋጮውን ከፍሏል፤ ያስተማረውም ከመዋጮው ይካሳል። ጀርመን ደግሞ አሠሪዎቹ አባል የመሆን ግዴታ ባለባቸው ምክር ቤቶች አማካይነት ራሳቸው ይቆጣጠራሉ፤ ፈተናውንም ምክር ቤቶቹ ይሰጣሉ።

እኛስ እንዲህ እናድርግ የሚለው ቶሎ ወደ አፍ የሚመጣ መልስ ነው። ነገር ግን መዋጮ የሚሰላው በደመወዝ መዝገብ ነው። በአየር ጤና ያለው ባለ ሦስት ሠራተኛ ብረታ ብረት ቤት ደመወዝ መዝገብ የለውም፤ ቅዳሜ ማታ በእጅ ነው የሚከፍለው። ሠራተኛ በወግ ቢመዘግብ 11 በመቶ የጡረታ መዋጮ ከራሱ፣ 7 በመቶ ከሠራተኛው ሊከፍል ነው፤ በዚያ ላይ የሥልጠና መዋጮ ቢጨመር ይበልጥ ይደበቃል። መዋጮው ትልልቆቹን ተቋራጮችና ፋብሪካዎች ሊይዝ ይችላል፤ ለማጁን የሚያስተምረው ትንሹ ቤት ግን ከመረቡ ውጪ ይቀራል።

ለትንሹ ቤት የሚስማማው ገንዘቡ ወደ እሱ የሚሄድበት መንገድ ነው። ከላይ ወደተሰላው የብረታ ብረት ቤት እንመለስ። በስድስት ወር የጎደለው 21,840 ብር ነው። የክፍለ ከተማው ጽሕፈት ቤት ወጣቱ ሦስት ወር ሲሞላው ከዚህ ግማሹን፣ ወጣቱ በብቃት ምዘና ማዕከል ሲያልፍ ደግሞ ቀሪውን ለባለቤቱ ቢከፍል ማዶ ያለው ነጋዴ ወጣቱን ቢወስደውም ያስተማረው አልከሰረም፤ ሌላ ለማጅ ይቀበላል። ሁለተኛው ክፍያ ከምዘናው ጋር የታሰረው በምክንያት ነው። ገንዘብ ተቀብሎ ልጁን ወለል ሲያስጠርግ የሚያውል ባለቤት እንደሚኖር ማንም ያውቃል። ዛሬም ቢሆን ለትብብር ሥልጠና የተላከ ተማሪ ብዙ ጊዜ የሚያገኘው ማኅተም ያለበት ደብዳቤ ብቻ ነው። ምዘናውና ሥልጠናው በ2000ው ስትራቴጂ መለያየታቸው እዚህ ላይ ይጠቅማል፤ ያስተማረው ራሱ «አልፏል» ሊል አይችልም።

ሌላው መንገድ ከተማው በሚገዛው ሥራ ውስጥ ለማጅ ማስገባት ነው። አዲስ አበባ መንገድ፣ ትምህርት ቤት፣ የኮሪደር ልማት ታሠራለች። ጨረታው ላይ ይህን ያህል ለማጅ ይህን ያህል ወር የሚል አንቀጽ ቢገባ ተጫራቹ ወጪውን በዋጋው ውስጥ ያስቀምጠዋል። ሁሉም ተጫራች እኩል ስለሚሸከም ማንም አይጎዳም፤ ሒሳቡም በግልጽ ይታወቃል፤ ኮንዶሚኒየም ዕጣ እንደወጣለት ሰው በስውር የሚከፍል አይኖርም።

በጀት ከየት ይመጣል የሚል ይኖራል። ተገቢ ጥያቄ ነው። ነገር ግን ኮሌጅ ውስጥ ብረትና ኤሌክትሮድ ተገዝቶ፣ ተበይዶ፣ ተመልሶ የሚቆራረጠው ዕቃም በጀት ይበላል፤ የሥልጠና ዕቃ እጥረት የኮሌጆቹ የዘወትር እሮሮ የሆነውም ለዚህ ነው። በብረታ ብረት ቤት ግን ልጁ የሚበይደው በር ተሸጦ ገንዘብ ይሆናል። ያው ብር ሁለት ጊዜ ይሠራል።

ሕጉ በዚህ በኩል ባዶ አይደለም። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 የሙያ መልመጃ ውል የሚባል ነገር ያውቃል። ውሉ በጽሑፍ መሆን አለበት፤ የሥልጠናውን ዓይነትና የሚቆይበትን ጊዜ፣ በሥልጠና ላይ የሚከፈለውን ገንዘብ፣ የሥራውንም ሁኔታ መግለጽ አለበት። በትንንሾቹ ብረታ ብረት ቤቶች ግን የተለመደው የአፍ ስምምነት ነው። ስለዚህ ልጁን ወደ ሙያ ሊያስገባ የሚያስብ የአየር ጤና አባት ወይም እናት ኮሌጁን በሕንፃው ከመመዘን ይልቅ ጥቂት ነገር ቢጠይቅ ይሻላል፤ ልጄ ወደ የትኛው ድርጅት ይላካል? ስንት ወር ይቆያል? እዚያ የሚያየው መምህር በሳምንት ስንት ቀን ይሄዳል? ወጪውን ማን ይሸፍናል? ውሉስ በጽሑፍ ነው? የመጨረሻውን ጥያቄ ለባለ ብረታ ብረት ቤቱም ማንሳት ይቻላል፤ ከጽሑፉም ለሁለቱም ወገን አንዳንድ ቅጂ ቢቀር ጥሩ ነው።